ድንጋይ የጠየቀኝ ድምፅ

እኔ የቦቴ ሹፌር ነኝ፣ ናዝሬት ተወልጄ ናዝሬት ያረጀሁ፣ አዳማ በሉት ደስ እንዳላችሁ፣ እና ስለ ጋኔን፣ ስለ ቆሌ፣ ስለ ጥላ ወጊ ሲወራ መጀመሪያ የምጠይቀው «ያየው ሰውዬ ጠጥቶ ነበር ወይ?» ብዬ ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በልጅነቴ ቀትር ላይ ከቤት እንዳልወጣ ትከለክለኝ ነበር፣ ቀትር የእነሱ ሰዓት ነው ትላለች፣ ስማቸውን እንኳን አትጠራም፣ «እነሱ» ብቻ፣ እኔ ግን ቀትር ላይ አግኝቼው የማውቀው ነገር ራስ ምታት ብቻ ነው እያልኩ ስቀልድባት ኖርኩ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ወሬ ለማሳመር አይደለም፣ በኋላ «ድሮም እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል» እንዳትሉኝ ብዬ ነው።

ከቆቃ ወጣ ብሎ፣ ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ አንድ የፈረሰ ግንብ አለ፣ በር በነበረበት ቦታ ግማሽ ቅስት ቆሞ ቀርቷል፣ ማማው ከወገቡ በላይ የለም፣ ከኋላ ደግሞ ጀርባ ለጀርባ የተሠሩ ሁለት ክፍሎች አሉ። ማን እንደሠራው ብትጠይቁ በጠየቃችሁት ሰው ልክ መልስ ታገኛላችሁ፤ አንዱ የጥንት ንጉሥ ማረፊያ ነው ይላል፣ ሌላው የዝሆን ጥርስ ጭነው ወደ ባሕር የሚወርዱ ነጋዴዎች ምሽግ ነው ይላል፣ ሦስተኛው ያው እንደተለመደው ፖርቹጋሎች ይላችኋል፣ እኛ አገር ባለቤቱ ያልታወቀ ግንብ ሁሉ የፖርቹጋል ነው። የአካባቢው ሰው ግን አልተጨነቀም፣ በኦሮምኛ መና ዸጋ ብሎ ተወው፣ የድንጋይ ቤት ማለት ነው፣ መና ቤት፣ ዸጋ ድንጋይ። ይቺን ዸጋ የምትል ቃል ያዙልኝ፣ ጣጣው ሁሉ ከእሷ ነው የመጣው።

ግንቡ ሊጠገን ነው ሲባል ውኃ የማመላለሱ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። ኢንጂነር ሰላም የምትባል ቀጭን ልጅ ናት የምትመራው፣ ሲሚንቶ የሚባል ነገር ኮረብታው ሥር እንኳን እንዲደርስ አትፈቅድም፣ ድሮ የተሠራው በኖራ ነው፣ የሚጠገነውም በኖራ ነው ትላለች፣ ኖራ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ በውኃ ተበጥብጦ እስኪበርድ እንደ ግመል ነው ውኃ የሚጠጣው። የወደቀው ድንጋይ ሁሉ፣ ትንንሹ ሳይቀር፣ በቀይ ቀለም ቁጥር እየተጻፈበት ሣሩ ላይ ይደረደራል፣ እያንዳንዱ ወደነበረበት እንዲመለስ። መጀመሪያ ሳየው ሳቄ መጥቶ «ኢንጂነር፣ ድንጋዮቹ ትምህርት ቤት ሊገቡ ነው እንዴ?» አልኳት፣ እሷ ግን አልሳቀችም።

ሠራተኞቹ እኔን የሚጠሩኝ ጋሜ እያሉ ነበር። መሀል አናቴ ተላጭቷል፣ እግዜር ነው የላጨው፣ ዙሪያውን ብቻ ፀጉር ቀርቶልኛል፣ ድሮ ልጆች ይላጩት የነበረው ጋሜ ማለት ነው፣ እና ኮረብታው ላይ ገና ብቅ ስል «ጋሜ መጣ! ውኃ መጣ!» ይባላል። ስሙን ያወጣልኝ ገመቹ ነው፣ ዋናው ግንበኛ፣ የደራ ልጅ፣ ሲናገር ድምፁ እንደ ደወል ጥርት ያለ፣ ከእኔ ጋር ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው ወንድማማች የሆንነው።

ገመቹ ለዚህ ሥራ ሲል ሌላ ሥራ ጥሎ ነው የመጣው፣ ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን። ልጅ ሳለ አባቱ ከዚህ ፍርስራሽ ድንጋይ እያወረዱ ቤት ይሠሩ ነበር፣ ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ያደርገው ነበር፣ እና አንድ ቀን አህያቸውን ነድተው ወጡ፣ አህያዋ ብቻዋን ተመለሰች። አንዳንዱ ሐይቁ ወስዷቸዋል አለ፣ አብዛኛው ግን አቦምሳ ሌላ ሚስት አግብቶ ይኖራል አለ፣ ይኼኛው ወሬ ነው ቤተሰቡን የገደለው። ገመቹ ጎልምሶ አቦምሳ ድረስ ሄዶ ፈልጎ አጥቷቸዋል። እናቱ አዴ ጫልቱ ደግሞ ጥቁር አይለብሱ ነገር ሞቷል ያላቸው የለም፣ አይረሱ ነገር ባለቤታቸው ነው፣ እንዲሁ በር በር እያዩ አርጅተዋል። «ሞቶም ከሆነ ይሙት ጋሜ» አለኝ አንድ ቀን፣ «ጥሎን ሄዶ እንዳይሆን ብቻ ነው የምፈልገው።»

እንግዲህ በሁለቱ ክፍሎች መሀል ባለው ግድግዳ ላይ፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ፣ ጀሪካን የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች። ኢንጂነር ሰላም «ድሮ የግንቡ ጌታ ለሕዝብ ፊቱን ሳያሳይ በዚህች በኩል አቤቱታ ይሰማ ነበር ይሆናል» ትላለች፣ እሷ ሁልጊዜ «ይሆናል» ሳትል አረፍተ ነገር አትዘጋም። ቀዳዳዋ ሥር ጥላ ስላለ እኔ ቦቴው ውኃውን እስኪያራግፍ እዚያ ነው የምቀመጠው።

የዚያን ዕለት ገመቹና ኢንጂነሯ ኖራ ሊያመጡ አዳማ ወርደዋል፣ ሠራተኞቹ ምሳቸውን ይዘው ሐይቁ ዳር ግራሩ ጥላ ሥር ሄደዋል፣ እኔ የቦቴውን የውኃ ጎማ ኖራው ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ ቀዳዳዋ ሥር ተቀመጥኩ። ቀትር ነበር። ሐይቁና ሰማዩ ተቀላቅለው የቱ ጋ አንዱ አልቆ ሌላው እንደሚጀምር አይለይም፣ ከሙቀቱ የተነሣ ኮረብታው ራሱ ቀስ ብሎ የሚተነፍስ ይመስላል፣ ወፍ የለም፣ ነፋስ የለም፣ የውኃው ድምፅ ብቻ ነበር፣ እሱም እየራቀ እየራቀ ሄደ። እመኑኝ፣ አልተኛሁም፣ ሲጋራዬ እጄ ላይ ነበር።

መጀመሪያ የሰማሁት ኳ… ኳ… ኳ… የሚል ነው፣ ትንሽ መዶሻ ድንጋይ ሲነካ፣ ከግድግዳው ወዲያ። አንዱ ምሳውን ትቶ እየሠራ ነው ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ ድምፅ መጣ፣ ጎርናና፣ ሻካራ፣ ሳይጣደፍ፣ «ዸጋ…» አለ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ «ጋሜ…» አለ። ስሜን ከጠራ ያው ከእኛ አንዱ ነው፣ ድንጋይ አቀብለኝ ማለቱ ነው፣ ምነው በምሳ ሰዓት አልኩና እየተነጫነጭኩ ሣሩ ላይ ከተደረደሩት አንዱን አንሥቼ በቀዳዳዋ ሰደድኩለት።

ተቀበለኝ። ይህን ስነግራቸው ሰዎች «ወድቆ ይሆናል» ይሉኛል፣ የወደቀ ድንጋይ ድምፅ አለው፣ ይሄ ግን ሰው ከእጃችሁ ዕቃ ሲቀበላችሁ ክብደቱ ቀስ ብሎ እንደሚለቃችሁ ነው የለቀቀኝ። ክንዴ እስከ ክርኔ ቀዘቀዘ፣ ደስ የሚል ቅዝቃዜ ነበር፣ በዚያ ሙቀት። ኳ… ኳ… አለ፣ ደግሞ «ዸጋ…» አለ፣ ደግሞ ሰጠሁት። ስንቱን እንዳቀበልኩት አላውቅም፣ ፈርቼ ነበር ብዬ ብዋሻችሁ ይቀለኝ ነበር፣ እውነቱ ግን እድሜ ልኬን እንደዚያን ሰዓት ልቤ ዐርፎ አያውቅም። በመጨረሻ ድምፁ ቆመ፣ ቀና ስል ቦቴው ጠብ የሚል ውኃ አልነበረውም፣ ጥላው ወደ ሌላኛው ግድግዳ ዞሯል፣ ሲጋራዬ ግን ገና አልተጋመሰም።

አመሻሹ ላይ ገመቹ በኖራው መኪና ሲመጣ «ስማ አንተ፣ ውስጥ ያስቀመጥከው ሰውዬ ምሳ አይበላም እንዴ? በድንጋይ ጨረሰኝኮ፣ እግዜር ይስጥልኝ እንኳን አላለም» አልኩት።

«የት ውስጥ?»

«ከቀዳዳዋ ወዲያ ነዋ።»

ሳቀ። «ጋሜ፣ ፀሐይ መትቶሃል። ያኛው ክፍል እኮ በር የለውም፣ ጣሪያውም ግድግዳውም ወደ ውስጥ ተንዶበት እስከ አፉ ሞልቷል። ድመት አያስገባም።»

እኔ ሹፌር ነኝ፣ የትኛው ክፍል እንደተጠረገ በምን ዐውቄ። በሞባይሉ መብራት በቀዳዳዋ አየን፣ እውነቱን ነው፣ ፍርስራሹ እስከ ቀዳዳዋ ከንፈር ድረስ ሞልቷል፣ ላዩ ላይ አቧራ፣ አቧራው ላይ የሸረሪት ድር፣ አንዱም አልተነካም። እኔ ያቀበልኳቸው ድንጋዮች ግን እዚያም የሉም፣ ሣሩ ላይም የሉም፣ ቦታቸው ላይ የተጠቀጠቀ ቢጫ ሣር ብቻ ቀርቷል።

«ምን ነበር ያለህ?» አለኝ ገመቹ፣ አሁን አይስቅም።

«ዸጋ አለኝ። ከዚያ ጋሜ አለኝ።»

ፊቱ ሲለወጥ አየሁ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «አባቴ እኔን የሚጠራኝ ጋሜ ብሎ ነበር» አለ። «ላንተ ያወጣሁልህ የእኔን ስም ነው።» ከዚያ ክንዴን ያዘኝና «ድገመው እስቲ፣ እንዴት ነው ያለው? ዸጋ ድንጋይ ነው፣ መሀሉን ጉሮሮህ ላይ ቆረጥ ካደረግከው ግን ስማ ማለት ይሆናል፣ የቱን ነው የሰማኸው?» አለኝ። ደገምኩለት፣ ደግሜ ደገምኩለት፣ በእኔ ጆሮ ሁለቱም አንድ ናቸው፣ በእኔ አፍም ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ዸጋ፣ ዸጋ፣ ዸጋ፣ በመጨረሻ ራሴም የሰማሁት ጠፋብኝ። እሱ እያለቀሰ ነበር። «ስማ ጋሜ ነው ያለኝ» አለ፣ «እኔን ነው የጠራኝ፣ እኔ ደግሞ አልነበርኩም።»

ከማግስቱ ጀምሮ ክፍሉ መጠረግ ጀመረ። ኢንጂነር ሰላም ቁጥር ያላቸው ድንጋዮች ጠፉ ብላ ተቆጥታ ስለነበር ፍለጋው እሷንም ተስማማት፣ የእኔን ታሪክ ግን አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰምታ «ደክሞህ ይሆናል» አለችኝ። ገመቹ ሌላ ሰው አላስነካም፣ አጥንት ከተገኘ እኔ ላግኘው ብሎ በእጁ ነበር የሚለቅመው፣ አሮጌው የኖራ አቧራ ሳንባው ገብቶ ቀን ከሌት ያስለው ነበር። እኔም ውኃ ሳራግፍ ዐይኔ እጁ ላይ ነው፣ ድንጋይ ባነሣ ቁጥር ልቤ ትንጠለጠላለች፣ እንዲያገኛቸው ልመኝ ወይስ እንዳያገኛቸው፣ እሱም ቸገረኝ።

አጥንት አልተገኘም። የተገኘው ወለሉ ላይ፣ ያ ሁሉ ፍርስራሽ ከላዩ ከተነሣ በኋላ፣ በቀዳዳዋ ትይዩ በሥርዓት የተሠራ የድንጋይ መደብ ነው፣ ለአንድ ሰው መቀመጫ የሚበቃ። ድንጋዮቹ ላይ ቀይ ቁጥር አለ። የኢንጂነሯ የገዛ ራሷ የእጅ ጽሑፍ። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች፣ «ሰው ቀልዶ…» ብላ ጀመረችና «ይሆናል» ሳትል ተወችው። ያን ያህል ድንጋይ ሥር ገብቶ የሚቀልድ ሰው ካለ አሳዩኝ።

ገመቹ መደቡ ላይ ቁጭ አለ። «እዚህ ነበር» አለ ቀስ ብሎ፣ «የትም አልሄደም።» ማታውኑ ደራ ወርዶ ለእናቱ ነገራቸው።

አዴ ጫልቱ ያን ሁሉ ዘመን የታቀቡትን ጥቁር ለበሱ። ለቅሶው ላይ እኔም ሄጃለሁ፣ ድንኳን ተጥሎ፣ አገር ምድሩ ተሰብስቦ፣ አቦምሳ አግብቷል ሲሉ የኖሩት ሳይቀሩ መጥተው አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። አዴ ጫልቱ እጄን ይዘው «አንተ ነህ የሰማኸው?» አሉኝ፣ «አዎ» አልኩ፣ «ድምፁ እንዴት ነበር?»፣ «ጎርናና ነበር፣ አይቸኩልም» አልኳቸው። «እሱ ነው» አሉ፣ እያለቀሱ ፊታቸው በራ፣ ሐዘን የሚያምርበት ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ባሌ ጥሎኝ አልሄደም ማለት ለእሳቸው ምን እንደሆነ እኔ ልነግራችሁ አልችልም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀትር ውኃ ይዤ ወጥቼ ኖራው ጉድጓድ አጠገብ ስቆም ከቀዳዳዋ ኳ… ኳ… ኳ… ሰማሁ። ቀጥሎ ያ ድምፅ፣ ጎርናና፣ ሻካራ። ፀጉሬ ቆመ፣ ያለችኝ እሷኑ። ዞሬ አዲስ በተከፈተው በር ስገባ ገመቹ ነው፣ መደቡ ላይ ተቀምጦ በትንሿ መዶሻው ድንጋዩን እየነካካ ብቻውን ያወራል።

«ምን እያደረግክ ነው?»

እንደማፈር ብሎ ሳቀ። «ከአባቴ ጋር ነዋ። አንተ ብቻ ነህ እንዴ የምታወራው?»

«ድምፅህ ምን ሆነ?»

«አቧራው ነው፣ ዘግቶኝ ቀረ።»

እኔም ሳቅኩ፣ ሲጋራ ሰጠሁት፣ አብረን ወጣን። ቦቴው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ግን መሪውን ይዤ ብዙ ቆየሁ፣ ልክ ናፍጣው እንዳለቀበት ሰው፣ ምን እንዳሳሰበኝ ለራሴም አልነገርኩትም።

ሥራው አለቀ፣ ቅስቱ ሞላ፣ አሁን ሰው ቅዳሜና እሑድ ፎቶ ሊነሣ ይወጣል። እኔ ወደ አሰላ መስመር ተዛውሬ በደራ አልፋለሁ፣ አዴ ጫልቱ ደግሞ ቤታቸው መንገድ ዳር ነው፣ ቦቴዬን ከሩቅ ያውቁታል፣ ባለፍኩ ቁጥር ካላስቆሙኝ አይሆንላቸውም። ባለፈው ሳምንትም አስቆሙኝ። «አካም ጂርቱ አዴ» አልኳቸው፣ ሰላምታ ላይ ጎበዝ ነኝ፣ ጭኮ በሳህን አቀረቡልኝና ቁጭ ብለው «በል እንግዲህ ድገምልኝ» አሉ፣ እንደ ሁልጊዜያቸው።

«ዸጋ፣ ጋሜ» አልኩ።

ሳቁብኝ። «ድንጋይ ትለኛለህ እኮ ልጄ። ዛሬ ሳላስተምርህ አትሄድም። ጉሮሮህን ያዝ አድርገው። ዸጋ… ኢ። ዸጋኢ።»

«ዸጋኢ» አልኩ፣ እንደምንም።

«እንደሱ! ለልጅ፣ ለእኩያህ ዸጋኢ ነው። ለትልቅ ሰው ሲሆን ደግሞ ዸጋኣ ትላለህ። እኔን አካም ጂርታ አትለኝም፣ ጂርቱ ነው የምትለኝ፣ አይደል? እናንተስ ስማ እና ይስሙ ትሉ የለም? እንደዚያው ነው። አባት ልጁን ዸጋኢ ይለዋል፣ ልጅ አባቱን ዸጋኣ ይላል። እኛ ቤት ልጅ አባቱን ዸጋኢ ቢል ጥፊ ነበር የሚቀምሰው» ብለው ደግሞ ሳቁ።

ጭኮው አፌ ውስጥ ቀረ። እኔ ኦሮምኛ ባልችልም ኢ እና ኣ ይለይልኛል፣ ደንቆሮ አይደለሁም፣ ያ ድምፅ መጨረሻው ላይ ኢ የሚል ነገር ቢኖረው ኖሮ ድንጋይ ነው ብዬ መቼ አቀብለው ነበር? በኣ ነው የጨረሰው። ደጋግሞ፣ በኣ። «ይስሙኝ» ነበር የሚለው፣ «ይስሙኝ፣ ጋሜ ነኝ።» አባት ልጁን አልጠራም፣ ልጅ ነው አባቱን የሚጠራው፣ በኋላ መደቡ ላይ እንዳገኘሁት እንደ ገመቹ፣ በኖራ አቧራ በዘጋ ድምፅ፣ ገና ባልተሠራ መደብ ላይ ተቀምጦ። ድንጋዩን ያቀበልኩ ዕለት ግን ገመቹ አዳማ ነበር፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነበር፣ እና ታዲያ ከእጄ ያንን ሁሉ ድንጋይ የተቀበለኝ ማን ነው? አባትየውስ የት ናቸው?

አዴ ጫልቱ እያዩኝ ነበር፣ ጥቁር ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ፣ በዚያ በበራ ፊታቸው። «አሁን ተማርክ አይደል» አሉ፣ «በል፣ ምን አለ ባሌ?»

ጉሮሮዬን ያዝ አደረግኩት። «ዸጋኢ አለ» አልኳቸው። «ዸጋኢ፣ ጋሜ።»

«ይኸው!» አሉ፣ እጃቸውን አጨብጭበው። «አሁን ገና አስተካክለህ አልከው።»

ሳህኑን መለስኩላቸው፣ መርቀው ሸኙኝ። ወደ ቦቴዬ ስሻገር ቀና ብዬ ብመለከት ፀሐይ አናቴ ላይ ነበረች፣ መንገዱ ላይ ሰው የሚባል አልነበረም።